ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና ለየቀኑ ይሆናል? ከተሞክሮዬ

የምነዳት መኪና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ የጨርቅ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ትንሽ ስፖርት መኪና ናት። ሌላ መኪና የለኝም። ሥራ የምሄደው፣ አስቤዛ የማመጣው፣ ሰው የምቀበለውና የምሸኘው፣ ክረምት ከበጋ በእሷው ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው ነው። «ለቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ይሁን፤ ለየቀኑ ግን እንዴት ይሆናል?»

ይሆናል። ለእኔ ሆኗል፤ ለብዙ ሰውም እንደሚሆን አምናለሁ። ለሁሉም ግን አይሆንም። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የዕቃ ቦታ ጉዳይ ነው። እሱ ቀላሉ ነው፤ መላ አለው። ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። መኪናዋ የት ታድራለች? በሳምንቱ ውስጥ ስንት ሰው የማድረስ ኃላፊነት አለባችሁ? በየቀኑ የምትመላለሱበት መንገድስ እንዴት ነው? ለእነዚህ ደህና መልስ ካላችሁ የቀረው ሁሉ በልምድ ይለመዳል። ከሌላችሁ ግን ውበቷ ብቻውን ብዙ አያቆያችሁም።

የእኔዋ አራተኛው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ ማርሿ ማንዋል ነው። ይህ መኪና መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረተው ብዛት አንድ ሚሊዮን ደረሰ። በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና በመሆኑም በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ይህን የማነሳው ብዛቱ ለባለቤቱ ስለሚጠቅም ነው። የሚያጋጥማችሁ ችግር ከእናንተ በፊት ሺህ ሰው ያጋጠመው ነው። መላውም ታውቋል። ብርቅዬ መኪና ለየቀን መያዝ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ አንዲት የበር ላስቲክ ስትበላሽ መኪናው ለሳምንታት ሊቆም ይችላል።

እስቲ ከቀላሉ ልጀምር። የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ 130 ሊትር ነው። ቁጥሩ ብዙም አይናገርም። አውሮፕላን ውስጥ ይዘው የሚገቡት ዓይነት ሁለት ትንንሽ ሻንጣ ይይዛል ብል ይሻላል። የሚያስቸግረው ግን ስፋቱ ሳይሆን አፉ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚገኘው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ፣ ውስጡ ሊይዘው የሚችለው ካርቶን በአፉ አልገባም ይላል። ስለዚህ ጠንካራ ሻንጣና ካርቶን እርሱ። ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። አንድ ትልቅ ቦርሳ ከምትይዙ ሦስት ትንንሽ ያዙ፤ በየጥጉ ይጠቀጠቃል።

ከፊት ለፊት የዳሽቦርድ ሳጥን የለም። በምትኩ በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ከጀርባ በኩል፣ የሚቆለፍ ትንሽ ሳጥን አለ። የመኪናው ሰነድና የጎማ መለኪያው እዚያ ይገባሉ። ሌላው ሁሉ የሚሄደው ጎን ወንበር ላይ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ እውነተኛው የዕቃ ቦታ እሱ ነው። ዕቃውን በቀበቶ እሰሩት። አንደኛ፣ ከባድ ነገር ስታስቀምጡ መኪናዋ ሰው የተቀመጠ መስሏት ቀበቶ እሰሩ እያለች ትጮኻለች። ሁለተኛ፣ ድንገት ፍሬን ስትይዙ ዕቃው ሁሉ ወለል ላይ ይዘረገፋል፤ ወደ ፔዳሉ የሚንከባለል ነገር ካለ ደግሞ አደጋ ነው።

አንድ ያልተጠበቀ ጥቅም አለ። ጣሪያው ሲከፈት ቁመት የሚባል ገደብ የለም። ረጅም ተክል ከነማሰሮው ጎን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በቀበቶ አስሬ፣ ቀስ ብዬ ቤት አድርሻለሁ። ትልልቅ ዕቃ ግን በቃ ሌላ ሰው ያምጣላችሁ። ማቀዝቀዣ ወይም ፍራሽ በዓመት ስንቴ ይገዛል? ለዚያ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ መኪና መንዳት የለባችሁም።

መኪናው ሲለያይ ይህ ነገር በጣም ይለያያል። ፖርሽ ቦክስተር ሞተሩ ከወንበሮቹ ጀርባ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ዕቃ ማስቀመጫ አለው። እንዲያውም ከመጠኑ አንፃር ብዙ ይይዛል። የመጨረሻው ቶዮታ ኤምአር2 ደግሞ እሱም ሞተሩ መሃል ላይ ሆኖ ደህና የሚባል የሻንጣ ቦታ የለውም፤ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለች ጥቂት ቦታ መብቃቃት ግድ ነው። እንደ መርሴዲስ ኤስኤልኬ ያሉ የብረት ጣሪያ የሚታጠፍላቸው መኪኖች ጣሪያቸው ሲከፈት የሚገባው ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከፍቶ መሄድና ሻንጣ መያዝ አብረው አይሄዱላቸውም። ለመግዛት ስትሄዱ የየቀን ቦርሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና አስገብታችሁ ሞክሩት። ሻጩ ቢገርመውም ግድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ሁለተኛው ወንበር። አንድ ሰው ሲሳፈር መኪናው ሞላ። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በኑሮ ውስጥ ግን በየጊዜው ይመጣል። ከሥራ ሁለት ባልደረቦች «መንገድህ ነው፣ አድርሰን» ሲሉ አንዱን መምረጥ አለባችሁ፣ ወይም ሁለቱንም ይቅርታ መጠየቅ። ከጓደኛ ጋር ስትሄዱ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ከተጨመረ ታክሲ ነው። እኔ ይህን ገና ሳልገዛት ለቅርቦቼ ሁሉ ነገርኳቸው። አሁን የጋራ ጉዞ ሲታቀድ እኔ ሹፌር እንደማልሆን ያውቃሉ። ለነዳጅ ማዋጣት ግን አላቆምኩም፤ ይህም ወዳጅነቱን ጠብቆታል።

ልጆች ካሏችሁ ነገሩ ጥብቅ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን መቀመጫ ኤርባግ ፊት ለፊት ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። በአንዳንድ መኪኖች የተሳፋሪው ኤርባግ ይዘጋል፣ በአንዳንዶቹ አይዘጋም። የመኪናውን መመሪያ አንብባችሁ እርግጠኛ ሁኑ። ሁለት ልጆች ካሏችሁና ቤት ውስጥ ያለው መኪና ይህ ብቻ ከሆነ፣ በግልጽ ልናገር፣ አትግዙ። አንድ ልጅ ታሞ ሌላው ቤት ውስጥ ብቻውን ሊቀር የማይችልበት ቀን ይመጣል።

በዕድሜ የገፋ ሰው ማሳፈርም ብልሃት ይፈልጋል። መኪናዋ ከመሬት እስከ ጣሪያ 1 ሜትር ከ23 ሴንቲ ገደማ ናት፤ ወንበሩ ከጉልበት በታች ነው። እናቴ ልትሳፈር ስትል መጀመሪያ ጣሪያውን እከፍታለሁ። ያኔ ጎንበስ ማለት አያስፈልጋትም። ጀርባዋን ወደ ወንበሩ ታዞራለች፣ እጄን ትይዛለች፣ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ ታስገባለች። ስትወርድም በተቃራኒው ነው፤ ሁለቱም እግሮች መጀመሪያ ይወጣሉ። እኔም ወገቤን ያመመኝ ሰሞን የወጣሁትና የገባሁት በዚሁ መንገድ ነበር። አንድ እግር አስገብቶ መወርወር ለወጣት ጉልበት ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምንሸከም ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። መኪናዋ አንድ ሺህ ኪሎ አካባቢ ናት። ክብደቷ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ሊባል በሚችል መልኩ ተከፍሏል፤ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። መሪው ምንም አይደብቃችሁም። በተራ የከተማ ፍጥነት፣ በሕጉ ልክ እየሄዳችሁ፣ አንድ ማዞሪያ ዞራችሁ ትደሰታላችሁ። ኃይለኛ መኪኖች ደስ የሚሉት ማንም መንዳት በማይገባው ፍጥነት ላይ ነው። ይህቺ ግን በሦስተኛ ማርሽ፣ ወደ ሥራ መንገድ ላይ ትበቃለች። ጠዋት ጣሪያውን ከፍቼ ስወጣ ዛፉ ይሸታል፣ ወፉ ይሰማል፣ ዳቦ ቤት ጎን ሳልፍ የሚጋገረውን አውቃለሁ። ትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ እንኳ ሰማይ አለኝ። በየቀኑ የማገኘው ይህንን ስለሆነ ነው ለቅዳሜ ብቻ አላስቀምጣትም የምለው።

የጣሪያው ነገር ሰፊ ነው። የእኔዋ በእጅ የሚከፈት ነው። የፊት መስታወቱ አናት መሃል ላይ አንድ መያዣ አለ። ቁልፏን ጫን አድርጎ መያዣውን ሳብ፣ ጣሪያውን ወደ ላይ ገፋ፣ ከዚያ በትከሻ በላይ ወደ ኋላ ለቀቅ፤ መጨረሻ ላይ ጫን ሲሉት «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል። ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ይጠናቀቃል። በኤሌክትሪክ የሚከፈቱት ምቹ ናቸው፤ ግን ሞተርም ሽቦም አላቸው፤ መኪናው ሲያረጅ ሌላ የሚጠገን ነገር ነው። ለየቀን መኪና እኔ በእጅ የሚሠራውን እመርጣለሁ።

ጨርቁ እርጥብ ሆኖ ታጥፎ መቆየት የለበትም። ይሻግታል፤ ሽታው ቶሎ አይለቅም። ዝናብ አቁሞ ፀሐይ ስትወጣ ለመክፈት እጅ ያሳክካል። መጀመሪያ በጨርቅ ጠረግ አድርጉት። በጣም ሲበርድም አትክፈቱት። የአየሩ ሙቀት ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ጨርቁና ላስቲኩ ይደርቃሉ፤ ሲታጠፉ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ኤምኤክስ-5 የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ደግሞ ጣሪያው ከመታጠፉ በፊት ዚፑ ተፈትቶ ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት አለበት። አለበለዚያ ይታጠፍና ይደበዝዛል፣ ኋላም ይቀደዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የውሃ ማውረጃው ነው። ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ። ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ በጎንና በጎን ይወርድና ከበሮቹ ጀርባ ባለች ቦይ ይሰበሰባል። ከዚያ በቱቦ አልፎ በመኪናው ሆድ ስር ይወጣል። እንደ ቤት አሸንዳ ማለት ነው። ቅጠል፣ አቧራና የዛፍ ፍሬ ሲጠራቀም ቱቦው ይደፈናል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ከወንበሩ ጀርባ፣ ምንጣፉ ስር። ከላይ ምንም አይታይም። የምታውቁት በሌላ ምልክት ነው፤ ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጭጋግ ይለብሳል፣ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ይመጣል። ቆይቶ ደግሞ ከበሩ ስር ያለው ላሜራ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። በድሮዎቹ መኪኖች ላይ የምታዩት የበር ስር ዝገት አብዛኛው መነሻው ይኸው ነው።

ማጽዳቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ዝናብ ከመግባቱ በፊትና ቅጠል ከረገፈ በኋላ አድርጉት። ጣሪያውን ግማሽ ድረስ አንሱት። ከወንበሩ ጀርባ፣ የጨርቁ ጫፍ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ በባትሪ መብራት አብሩ። የሚታየውን ቅጠል በእጅ ልቀሙ። ከዚያ ለስላሳና ወፈር ያለ የናይለን ገመድ፣ ሳር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚገባው ዓይነት፣ ወደ ቀዳዳው ቀስ እያላችሁ ስደዱ። ሽቦ አይሆንም፤ ቱቦውን ይበሳል። በኃይለኛ አየር መንፋትም አይሆንም፤ ቱቦውን ከመያዣው ያላቅቀዋል፤ ያኔ ውሃው ቀጥታ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ጎንበስ ብላችሁ ከስር እዩ። ውሃው ከኋላ ጎማው ፊት መሬት ላይ ከወረደ ሰላም ነው። ካልወረደ እንደገና።

መኪናዋ የት ታድራለች ያልኩት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጥላ ያለው ጥሩ ቦታ ነው ብላችሁ ዛፍ ሥር ልታቆሟት ትችላላችሁ። ለጨርቅ ጣሪያ ግን ዛፍ ሥር ከሁሉ የከፋ ነው። ቅጠሉ ቱቦውን ይደፍናል፣ ሙጫው ጨርቁ ላይ ይጣበቃል፣ ወፍ ደግሞ ሥራዋን ትሠራለች። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ካላችሁ ጨርቁ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከሌላችሁ አየር የሚያስገባ ሸራ አልብሷት። አየር የማያስገባው ፕላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። መኪናዋ አቧራ ለብሳ እያለ ግን ሸራ አታድርጉባት፤ ቀለሙን ይፍቃል።

እጥበት ላይም ሰው ተቆጣጠሩ። በሚሽከረከር ብሩሽ የሚያጥብ ማሽን ውስጥ አታስገቡ። የግፊት ውሃም ስፌቱና የመስታወቱ ላስቲክ ላይ በቅርብ አይተኮስ። አንድ ጊዜ ዘወር ስል አጣቢው አፈሙዙን የበር ላስቲኩ ላይ ደግኖ አገኘሁት፤ ውስጡ ወንበሩ ድረስ ረጥቧል። ከዚያ ወዲህ ራሴ ነው የማጥባት። ጨርቁን በለስላሳ ብሩሽ፣ በድርና ማጉ አቅጣጫ፣ በትንሽ ሳሙና ነው። ለጨርቅ የተሠራ ውሃ የማያሳልፍ ቅባት ይረጫል፤ ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ ለተሠራ ጣሪያ ደግሞ ለራሱ የተሠራ አለ፤ አታቀያይሯቸው። ውሃ ጨርቁ ላይ ሲወርድ ዶቃ ዶቃ እያለ የሚንከባለል ከሆነ ቅባቱ ገና አልለቀቀም ማለት ነው። ሰርጎ ማጥቆር ከጀመረ መቀባት ያስፈልጋል።

ሌባ ለዚህ መኪና በር መስበር አያስፈልገውም፤ ቢላ ይበቃዋል። አዲስ ጣሪያ ማሠራት ደግሞ ከሚሰረቀው ዕቃ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ ደንቤ አንድ ነው፤ መኪናው ውስጥ የሚታይ ምንም ነገር አይቀርም። ባዶ ቦርሳም ቢሆን፣ የስልክ ሽቦም ቢሆን። አንዳንድ ባለቤቶች ጣሪያው እንዳይቀደድ ብለው በሩን ሳይቆልፉ ይሄዳሉ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ግን ኢንሹራንሳችሁ ያልተቆለፈ መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይከፍል እንደሆነ ውሉን ሳታነቡ አታድርጉት።

ነፋስና ድምፅ። ነፋሱ ከፊት የሚመጣ ይመስላል። የሚረብሻችሁ ግን ከፊት መስታወቱ በላይ አልፎ፣ ከኋላ ዞሮ አንገታችሁ ላይ የሚመለሰው ነው። የበር መስታወቶቹን ወደ ላይ አድርጉ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን የነፋስ መከላከያ አቁሙ፣ ማሞቂያውን ወደ እግር አዙሩ። በዚህ አኳኋን በቀዝቃዛ ጠዋት እንኳ ጣሪያውን ከፍቼ እሄዳለሁ። እየሄዳችሁ ሳለ ያካፋ እንደሆነ ፍጥነት እስካለ ድረስ ጠብታው በላያችሁ ያልፋል። ቀይ መብራት ላይ ስትቆሙ ግን ይወርድባችኋል፤ ሰማዩን አይታችሁ ቀድማችሁ ዝጉት።

ፈጣን መንገድ ላይ ጣሪያው ተዘግቶ እንኳ ጫጫታ አለ። ከጎን ከባድ መኪና ሲያልፍ ጎማው ጆሯችሁ አጠገብ ነው። ስልክ ማውራት ይከብዳል። ለሥራ ቦታ ጫጫታ የሚሰጠው የተለመደ ማስጠንቀቂያ በቀን 8 ሰዓት፣ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ጣሪያው ተከፍቶ በፍጥነት መንገድ ላይ ያለው ድምፅ ይህን ሊያልፍ ይችላል። ረጅም መንገድ ስሄድ ወይ እዘጋለሁ ወይ የጆሮ መሰኪያ አደርጋለሁ፤ ንግግርና ክላክስ የሚያሳልፈውን ዓይነት። በነዚህ መኪኖች ብዙ ዓመት ከነዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ጆሯቸው ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸት ሊሰማቸው ይችላል፤ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይቻላል።

ፀሐይም እንደዚያው ናት። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዛችሁ እየተቃጠላችሁ እንደሆነ አይታወቃችሁም። ግንባር፣ ጆሮ፣ የክንድ ላይ ቆዳ ቀድመው ይጠቁራሉ። የፀሐይ ቅባት የበር ኪስ ውስጥ ይኑር። ባርኔጣው የማይበር ይሁን። ፀሐይ አናት ላይ በወጣች ጊዜ እኔ እዘጋለሁ፤ ክፍት መኪና የጠዋትና የማታ ነው። ከፍታችሁ አቁማችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ወንበሩ ላይ ነጣ ያለ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ጥቁር ቆዳና የቀበቶው ብረት ያቃጥላል።

ስለ መታየት አጥብቄ እናገራለሁ። እናንተ ሁሉን ታያላችሁ፤ እናንተን ግን አያዩአችሁም። የከባድ መኪና ሹፌር ጎኑ ላይ ስትሆኑ ከመስኮቱ በታች ናችሁ። ስለዚህ ጎኑ ላይ አትቆዩ፤ ወይ ቅደሙ ወይ ቅሩ። ቀንም ቢሆን መብራት አብሩ። ስፖኪዮዎቹን ሰፋ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ የራሳችሁ መኪና ጎን ከመስታወቱ ጫፍ ላይ ሊጠፋ ሲል ልኩ ነው። ጣሪያው ሲዘጋ ከትከሻችሁ ጀርባ ያለው ጥግ ፈጽሞ አይታይም። ሰያፍ ሆኖ ዋና መንገድ ውስጥ የሚገባ መጋጠሚያ ላይ መኪናዋን ቀጥ አድርጋችሁ ቁሙ፣ በጎን መስኮት ማየት እንድትችሉ።

ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት 13 ወይም 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታን ቀስ ብላችሁ፣ ሰፋ ካለ ሰያፍ ሆናችሁ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጎማ አሳልፏት። ቁልቁል የሚገባ የምድር ቤት ማቆሚያም እንደዚያው። ውሃ ያጥለቀለቀው መንገድ ውስጥ አትግቡ፤ ሌላው መኪና አለፈ ማለት እናንተ ታልፋላችሁ ማለት አይደለም። በየቀኑ የምትሄዱበት መንገድ ጉድጓድ የበዛበት ወይም ኮረኮንች ከሆነ ይህ መኪና የእናንተ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ቢመቻችም።

ስኮርታ ጎማ የላትም። ያላት ትንሽ የአየር መሙያና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው። ሚስማር ከሆነ ጎሚስታ ድረስ ያደርሳችኋል። ጎማው ጎኑ ላይ ከተቀደደ ግን ምንም አያደርግም። የፈሳሹ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ጊዜ አሁኑኑ እዩት፤ ብዙዎች ጋ ያለው ጊዜው ያለፈበት ነው። ምርጫ ካላችሁ ባለ 17 ኢንች ቸርኬውን ትታችሁ ባለ 16ቱን ውሰዱ። የጎማው ጎን በመጠኑ ከፍ ስለሚል ጉድጓድ ላይ ቸርኬውን ይጠብቃል፤ ጎማውም ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ዝናብ ላይ ቀላል መኪና ቶሎ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች፤ የኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ደግሞ መታጠፊያ ላይ ቤንዚን በድንገት ሲሰጡት ጭራውን ያወጣል። ጎማ ላይ አትቆጥቡ። በብዙ አገር ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ 3 ላይ ሲደርስ እቀይራለሁ። ብርድ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ የበጋ ጎማ ይደርቃል፤ የክረምት ጎማ ያስፈልጋል። ነዳጅ ላይ ብዙ የምለው የለም። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ መኪናዋ ቀላል ናት፣ ቆጣቢ ናት።

ሰውነታችሁን ደግሞ ለኩ። ረጅም ሰው ጣሪያው ተዘግቶ ሳይቀመጥ አይግዛ፤ ክፍት ሆና ሁሉም ይመቸዋል። በአራተኛው ትውልድ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2019 ሞዴል በፊት ባሉት መሪው የሚስተካከለው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወደ ደረትም ይሳባል። እግሩ ረጅም ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሞተሩን መካኒክ ያይላችኋል፤ እናንተ ውሃውን ፈልጉ። ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱ። ሻጩ መስኮቶቹን ከፍቶ ሳያናፍሳት ለመድረስ ሞክሩ። በሩን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ አሽትቱ። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ አንስታችሁ እጃችሁን ከስር ስደዱ። ከበሩ ስር ያለውን ላሜራ ከኋላ ጎማው ፊት በጣት ጫን ጫን አድርጉት፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ጣሪያውን ራሳችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ጨርቁ በሚታጠፍባቸው መስመሮች ላይ ክሩ ሳስቶ እንደሆነ ከውስጥ ሆናችሁ ወደ ብርሃን እዩ። ከዚያ ጣሪያውን ዘግታችሁ ንዷት፤ ሻጮች ከፍተው ማሳየት ይወዳሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ አውጡና ከበሩ ጀርባ ወዳለው ቦይ አፍስሱ። ከሆዷ ስር እስኪወርድ ጠብቁ፤ ካልወረደ፣ ማጽጃውንም ዝገቱንም ሂሳብ ውስጥ አስገብታችሁ ተደራደሩ፣ ወይም ሌላዋን ፈልጉ።